ሞተር የሌለው አውሮፕላንና ቤት የምትጠብቀው ሚስት

እ.ኤ.አ. በ2023 ሐምሌ ወር ላይ ታናሽ እህቴን ለመጠየቅ ወደ ደቡብ ፈረንሳይ ሄጄ ነበር። እህቴ ከባለቤቷና ከሁለት ልጆቿ ጋር የምትኖረው ሲስተሮን ከምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ ነው። ዱራንስ የሚባለው ወንዝ እዚያ ዓለቱን ለሁለት ሰንጥቆ ያልፋል፤ ከከተማዋ በስተ ሰሜንና በስተ ምሥራቅ ደግሞ የአልፕስ ተራሮች ይጀምራሉ። አንድ ቀን ምሽት፣ ፀሐይዋ ገና ሳትጠልቅ፣ እራት ልናቀርብ ስንል በር ተንኳኳ። ጎረቤታቸው ናቸው፤ ወደ ሰባ ዓመት የሚጠጋቸው ጡረታ የወጡ አስተማሪ። እህቴ «ማዳም» እያለች ነው የምትጠራቸው። በእጃቸው የመኪና ቁልፍ ይዘዋል።

«የእኔ ሽማግሌ ማሳ ላይ አርፏል፤ ላመጣው መሄዴ ነው። ክንፍ የሚይዝልኝ ሰው አለ?» አሉ።

እህቴ ስትተረጉምልኝ በመጀመሪያ የተሳሳተች መስሎኝ ነበር። አልተሳሳተችም። ባለቤታቸው ሞተር በሌለው አውሮፕላን፣ ማለትም በግላይደር የሚበሩ ሰው ናቸው። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ወደ ላይ የሚያወጣቸው አየር ስላጡ ወደ መነሻቸው መመለስ አልቻሉም፤ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው የታጨደ የስንዴ ማሳ ላይ አርፈዋል። እንግዲህ ማዳም ከመኪናቸው ኋላ ረጅምና ነጭ ተሳቢ ቀጥለው ሊያመጧቸው ነው። እራቱን ከድነን አብረን ሄድን።

ስንደርስ ሰውየው ከማሳው ዳር የዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ባለ ማሳው የሰጣቸውን ፍራፍሬ ይበላሉ። እኔ ሃያ ሁለት ዓመት በትዳር የኖርኩ ሴት ነኝ። ሚስት ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ነድታ መጥታ ምን እንደምትል አውቃለሁ ብዬ አስቤ ነበር። ማዳም ከመኪናው ወረዱ፣ ማሳውን ከዳር እስከ ዳር አዩት፣ ከዚያም «ጥሩ ሜዳ መርጠሃል» አሏቸው። ሌላ ምንም አልጨመሩም። ክንፎቹን ነቅለን ተሳቢው ውስጥ ከተትን። እኔም የአንዱን ክንፍ ጫፍ ይዤ በስንዴው ቆረን ላይ እየተደናቀፍኩ ተሸከምኩ።

ውድ አንባቢዎቻችን፣ ስለ አየር በረራ ልጽፍ ነው ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ነገር ግን በእነዚያ ሦስት ሳምንታት ከእነዚህ ባልና ሚስት ጋር ብዙ ማታ ተቀምጬ የሰማሁት ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ ስላለ እነሆ።

አሞራ የሚያውቀው

በአገራችን አሞራ ክንፉን ሳያርገበግብ ሰማይ ላይ ሲዞር ያላየ የለም። ፀሐይ መሬቱን ስታሞቅ የሞቀው አየር ይነሣል፤ አሞራው ያንን የሚነሣ አየር አግኝቶ እዚያው ይዞርበታል፤ አየሩም ይዞት ይወጣል። ግላይደርም የሚወጣው እንዲሁ ነው። ሲነሣ ባለ ሞተር አውሮፕላን በገመድ ጎትቶ ያወጣውና ገመዱ ይለቀቃል። ከዚያ በኋላ ያለው ነገር ሁሉ በአየሩና በአብራሪው መካከል ነው።

ተራራ ላይ ሌሎች ሁለት መንገዶች አሉ። ነፋስ ተራራን ፊት ለፊት ሲመታ መሄጃ ስለሚያጣ ተዳፋቱን ተከትሎ ወደ ላይ ይወጣል። በሰሜን ተራሮች የሄዳችሁ፣ ያ አጥንት ከሰማይ ጥሎ ሰብሮ የሚበላው ትልቅ አሞራ በገደሉ ጠርዝ ላይ ሲንሸራተት አይታችሁ ይሆናል፤ የሚሄደው በዚህ ነፋስ ነው። ይኸው ወፍ በአልፕስ ተራሮች ፈጽሞ ጠፍቶ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ እያራቡ መልሰው ለቀቁት፤ ስለዚህ ዛሬ የግላይደር አብራሪዎች አንዳንድ ጊዜ አጠገባቸው ሲበር ያገኙታል። ሦስተኛው መንገድ ሞገድ ነው። ወንዝ በትልቅ ድንጋይ ላይ ሲያልፍ ከድንጋዩ ወዲያ ውሃው እየተነሣና እየወረደ እንደሚሄድ፣ ብርቱ ነፋስም ተራራውን ከተሻገረ በኋላ እንዲሁ ይወጣል፣ ይወርዳል። ጀርመናዊው ክላውስ ኦልማን በአርጀንቲና በአንዲስ ተራሮች ሞገድ ላይ ሆኖ እ.ኤ.አ. በጥር 2003 በአንድ ቀን 3,009 ኪሎ ሜትር በሯል፤ ያለ ሞተር።

ሰውየው ይህን ሲነግሩኝ «ታዲያ ምን ያስፈራል?» አልኳቸው። ሳቁና ወረቀት አመጡ።

ግማሹን ብቻ

ጡረታ ከመውጣታቸው በፊት የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ስለነበሩ ነገር ሁሉ በቁጥር ነው የሚያስረዱት። የእሳቸው ግላይደር መጽሐፍ ላይ የተጻፈው ቁጥር 40 ነው። አንድ ኪሎ ሜትር ከፍታ ካለህ ጸጥ ባለ አየር ውስጥ 40 ኪሎ ሜትር ትሄዳለህ ማለት ነው። ይህን የሰማ ሰው፣ ከፊቱ ያለው አየር ማረፊያ 30 ኪሎ ሜትር ከሆነ፣ እደርሳለሁ ብሎ ልቡ ያርፋል።

«ወደ ላይ የሚወጣ አየር ካለ ግን ወደ ታች የሚወርድም መኖር አለበት» አሉና እንዲህ አሰሉልኝ። ግላይደሩ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር እየሄደ በሴኮንድ 2 ሜትር የሚወርድ አየር ውስጥ ቢገባ፣ ያ 40 የተባለው ቁጥር ወደ 10 ይወርዳል። ከፊት ለፊት ደግሞ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ቢመጣበት 7 ብቻ ይቀራል። በተራራ አገር በሴኮንድ 2 ሜትር መውረድ ብርቅ ነገር አይደለም፤ ነፋስ ከማይመታው የተራራ ጀርባ ከዚህ እጅግ የባሰ አለ። ብልህ አብራሪ እንዲህ ካለው አየር ፍጥነት ጨምሮ ቶሎ ይወጣል፤ የሄደበት ከፍታ ግን አይመለስለትም።

ስለዚህ እሳቸው ሲያሰሉ በ40 አያሰሉም፤ በ20 ነው። ይህ ብቻ አይደለም፤ ማረፊያው ላይ ሲደርሱ ቢያንስ 300 ሜትር ከፍታ ተርፎ መገኘት አለበት። ከሜዳው በላይ 1,500 ሜትር ላይ ከሆኑ፣ 300ውን ይቀንሱና በቀረው 1,200 ሜትር 24 ኪሎ ሜትር ብቻ ይቆጥራሉ። መጽሐፉ ግን በዚያው ከፍታ 60 ይፈቅድላቸው ነበር። ያ ሁሉ ትርፍ ብዙውን ቀን ሳይነካ ነው የሚቀረው። «ወጣቶቹ ያባከንኩት ይመስላቸዋል» አሉ።

300 ሜትሩ ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው ማዳም ቀድመው መለሱልኝ። ከሩቅ ሲታይ ማሳ ሁሉ ያምራል። ቀረብ ሲባል የኤሌክትሪክ ሽቦ ያቋርጠዋል፣ ወይም ከብት አለበት፣ ወይም ተዳፋት ነው። ዞሮ አይቶ፣ ነፋሱን ለይቶ፣ ሥርዓት ባለው መንገድ ለማረፍ ያ ከፍታ ያስፈልጋል። ግላይደር ደግሞ አንድ ጊዜ ለማረፍ ከወረደ ሞተር አስነሥቶ እንደገና ልሞክር የሚልበት ዕድል የለውም።

ፈረንሳዮች በአልፕስ ሸለቆዎች ውስጥ ግላይደር ሊያርፍባቸው የሚችሉ ሜዳዎችን የሚዘረዝር መጽሐፍ አላቸው። ሰውየው ግን በመጽሐፉ ብቻ አያምኑም፤ ማሳ በየዓመቱ ይለወጣል፤ አንዱ አጥር ያጥራል፣ ሌላው ዛፍ ይተክላል። ስለዚህ በየጸደዩ ባልና ሚስት አብረው በመኪና እየዞሩ ሜዳዎቹን በእግራቸው ይረግጣሉ። ማዳም እንደነገሩኝ የጋብቻቸውን 40ኛ ዓመት ያከበሩት አንድ ማሳ ውስጥ ቆመው የሽቦ ምሰሶ እየቆጠሩ ነው። ይህን ሲናገሩ እያጉረመረሙ ይሁን እየተኩራሩ መለየት አልቻልኩም።

ዓይን ሲያታልል

ከተራራ ጋር ሲጠጉ ሒሳብ ብቻ አይበቃም። በሜዳማ አገር አብራሪው ሰማይና ምድር የሚገናኙበትን መስመር እያየ አፍንጫው ወደ ላይ ይሁን ወደ ታች ያውቃል። ተራራ ሥር ግን ያ መስመር ይጠፋል፤ ፊት ለፊት የሚታየው ሽቅብ የወጣ ተዳፋት ነው። ዓይኑ ሳያውቀው በተዳፋቱ ይመዝናል፤ እጁም ሳይታወቀው አፍንጫውን ያነሣል። ፍጥነት ይቀንሳል። ክንፉ አየሩን መያዝ የሚያቆምበት ፍጥነት ላይ ሲደርስ አውሮፕላኑ እየተሽከረከረ ይወድቃል፤ ከተራራው ጋር ደግሞ የቀረው ርቀት ሃምሳ ሜትር ሊሆን ይችላል። በዚህ ምክንያት ተዳፋት አጠገብ ሲበሩ ሆን ብለው ፍጥነት ይጨምራሉ። ትርፍ ከፍታ እንዳለ ትርፍ ፍጥነትም አለ።

አየሩም ራሱ ከፍ ሲባል ይሳሳል። በ3,000 ሜትር ላይ የፍጥነት መለኪያው ያው የተለመደውን ቁጥር እያሳየ ግላይደሩ በእውነት የሚሄደው 16 በመቶ ያህል ፈጥኖ ነው፤ ለመዞር የሚያስፈልገውም ቦታ በሲሶ ይሰፋል። ታች የበቃ ጠባብ ሸለቆ እዚያ ላይ አይበቃም። ከዚያ ከፍ ሲል ደግሞ የአብራሪው የራሱ አእምሮ ኦክስጅን ያጥረዋል። ኦክስጅን ያጠረው ሰው ማጠሩን አያውቅም፤ እንዲያውም ደስ ይለዋል፣ ሁሉም ነገር የተሳካ ይመስለዋል። ስለዚህ የኦክስጅኑን ቱቦ የሚሰኩት ሲደክማቸው አይደለም፤ አስቀድሞ በተወሰነ ከፍታ ላይ ነው፣ ቢያስፈልግም ባያስፈልግም።

ከሰማኋቸው ልማዶች አንዳንዶቹን ላስቀምጥ። ተራራን በቀጥታ ፊት ለፊት አይጠጉትም፤ በሰያፍ ነው የሚቀርቡት። የጠበቁት የሚያነሣ አየር ባይኖር በትንሽ መታጠፍ ወደ ሸለቆው መሸሽ እንዲችሉ ነው። ሲዞሩ ሁልጊዜ ከተራራው ወደ ውጭ ነው፤ ወደ ተራራው አይዞሩም። ከተራራው ጫፍ በላይ በቂ ከፍታ ሳያገኙም ክብ አይሠሩም። ሁለት ግላይደሮች በአንድ ተዳፋት ላይ ፊት ለፊት ሲመጡ ተራራው በቀኙ የሆነው መንገዱን ይዞ ይሄዳል፤ የሚሸሽበት ስለሌለው። ቦታ ያለው ወደ ሸለቆው ይለቅለታል።

እጅግ የወደድኩት ግን ሸንተረር ለመሻገር የሚያዩት ምልክት ነው። ከሸንተረሩ ወዲያ ያለው አገር እየቀረብክ ስትሄድ ይበልጥ እየታየህ ከመጣ ከፍታህ ይበቃል። ከወዲያ ይታይህ የነበረው መስክ ከሸንተረሩ ጀርባ እየተደበቀ ከሄደ ግን አትሻገርም፤ ተመለስ። ምንም መሣሪያ አያስፈልገውም። ሰውየው እንዳሉኝ ችግሩ ምልክቱን አለማየት አይደለም። አይቶ «ትንሽ ልጠብቅ፣ ምናልባት የሚያነሣ አየር አገኛለሁ» ማለት ነው። ለመመለስ የሚበቃው ከፍታ በዚያች ትንሽ ጊዜ ውስጥ ያልቃል። ስለዚህ የሚመለሱበትን ነጥብ ገና ሩቅ ሳሉ፣ ልብ ሳይሞቅ ይወስኑታል፤ እዚያ ሲደርሱ እንደገና አይከራከሩበትም።

የሚያውቁት ሰዎች

እንግዲህ ይህን ሁሉ ስሰማ አደጋ የሚደርሰው በጀማሪዎች ላይ ነው ብዬ ነበር። ሰውየው ራሳቸውን ነቀነቁ። ብሩኖ ጋንተንብሪንክ የሚባል ጀርመናዊ በግላይደር የዓለም ሻምፒዮን የነበረ ሰው ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ለባልንጀሮቹ አብራሪዎች ያደረገው ንግግር እስከ ዛሬ በክበቦች ውስጥ ይነበባል። አብራሪዎች «ከግላይደር ይልቅ ወደ አየር ሜዳው የሚወስደው የመኪና መንገድ ይበልጥ አደገኛ ነው» እያሉ ራሳቸውን ያጽናኑ ነበር። እሱ ግን በበረራ የሞቱበትን ወዳጆቹን አስታወሰ። ብዙዎቹ የተካኑ ሰዎች ነበሩ፤ በመኪና መንገዱ ላይ ግን ያጣው የበረራ ወዳጅ አልነበረም።

ሌላው ስሙን ሰምታችሁት ይሆናል፤ አሜሪካዊው ስቲቭ ፎሴት። በ2002 ብቻውን በባሉን ዓለምን ዞሯል፤ በ2005 ብቻውን በአውሮፕላን ሳያርፍና ነዳጅ ሳይሞላ ዞሯል። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 29 ቀን 2006 ከኤይናር ኤኔቮልድሰን ጋር ሆኖ በአርጀንቲና በተራራ ሞገድ ላይ በግላይደር 15,460 ሜትር ወጣ፤ በዚያን ጊዜ የዓለም ክብረ ወሰን ነበር። እንግዲህ ተራራ ላይ አየር እንዴት እንደሚወጣና እንደሚወርድ ከዚህ ሰው የበለጠ የሚያውቅ ብዙ አልነበረም።

ከአንድ ዓመት በኋላ፣ መስከረም 3 ቀን 2007፣ ከኔቫዳ በረሃ በአንዲት ትንሽ ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን ለአጭር ሽርሽር ተነሣ። የክብረ ወሰን ሙከራ አልነበረም። አልተመለሰም። በፍለጋ ሳይገኝ ቀረ፤ በየካቲት 2008 ባለቤቱ ባቀረበችው ማመልከቻ ፍርድ ቤት ሞቷል ብሎ ወሰነ። ስብርባሪው የተገኘው በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ በካሊፎርኒያ በሴራ ኔቫዳ ተራሮች 3,000 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ነው። የአሜሪካ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ መርምሮ የደረሰበት መደምደሚያ ይህ ነው፦ አውሮፕላኑ ሊወጣው ከሚችለው በላይ በሚወርድ አየር ውስጥ ገባ። ተራራማነቱና የአየሩ መሳሳትም አስተዋጽኦ እንዳላቸው ተገለጸ። ሞተር ነበረው፤ አልበቃውም። የሚያውቀው ያው አየር ነበር።

ፎሴት በዚያ ሰዓት ምን እንዳሰበ የሚያውቅ የለም፤ እኔም አልፈርድበትም። ሰውየው ግን ስለ ራሳቸው የተናገሩት አለ። በመጀመሪያው ዓመት 300 ሜትር ትርፍ ነበራቸው፤ ፈርተው። በአሥረኛው ዓመት 200፤ ምክንያቱም 300ው አንድም ቀን አላስፈለጋቸውም። በሃያኛው ዓመት 100፤ ምክንያቱም 200ውም አላስፈለገም። «ምንም ሳይደርስብኝ ያለፈውን እያንዳንዱን ቀን የችሎታዬ ማስረጃ አድርጌ ቆጠርኩት» አሉ። ከዚያ አንድ ነገር ተከሰተና ወደ 300 ተመለሱ። ያንን ነገር እሳቸው አልነገሩኝም። የነገሩኝ ማዳም ናቸው።

«ዛሬ እንዳትደውልልኝ»

የልጃቸው የቀለበት እራት ቀን ነበር። የልጁ ወላጆች ከሩቅ ከተማ ይመጣሉ። ሰውየው ጠዋት ሲወጡ ማዳም በሩ ላይ ቆመው «ዛሬ ደግሞ ማሳ ላይ አርፈህ እንዳትደውልልኝ» አሏቸው። በቁጣ አልነበረም፤ ስንቶቻችን በየቀኑ እንደምንለው ነው እንጂ።

ከሰዓት በኋላ ሲመለሱ በመንገዳቸው ላይ አንድ ሸንተረር ብቻ ቀረ። ከወዲያው በኩል ይታይ የነበረው ሸለቆ እየተደበቀ ሄደ። ምልክቱን አዩት፤ አርባ ጊዜ ለተማሪዎቻቸው ያስተማሩት ምልክት ነው። ከኋላቸው በእግራቸው የረገጡት፣ ሽቦ የሌለው፣ ደረቅ ሜዳ አለ። እዚያ ቢያርፉ የሚመጣባቸው ነገር ስልክ መደወል ብቻ ነው። ወደ ፊት ቀጠሉ። ሸንተረሩ ጋ ሲደርሱ የሚወርድ አየር ጠበቃቸው፤ በጥዶቹ ጫፍና በግላይደሩ ሆድ መካከል ጥቂት ሜትሮች ሲቀሩ ተሻገሩ። ቅርንጫፎቹ ላይ ያለውን የጥድ ፍሬ ለይተው አይተውታል። በሰዓቱ ደረሱ። ታጠቡ፣ ለበሱ፣ ከእንግዶቹ ጋር በሉ፣ ሳቁ።

ማዳም ይህን ያወቁት ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ባለቤታቸው ለወጣት አብራሪዎች ትምህርት ሲሰጡ ከኋላ ወንበር ተቀምጠው ሹራብ ይሠሩ ነበር። ሰውየው የእራቱን ነገር አላነሡም፤ ቀኑን ብቻ ተናገሩ። ማዳም ቀኑን ያውቁታል። «ወደ ቤት እስክንደርስ አንድ ቃል አልተናገርኩም። ቤት ስንደርስ ‹ለምን አልነገርከኝም?› አልኩት። ‹ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ከነገርኩሽ ግን በእኔና በሜዳው መካከል ምን እንደቆመ ትጠይቂኛለሽ› አለኝ» አሉኝ።

ጥፋቱ የማዳም አይደለም። አብራሪው እሳቸው አይደሉም፤ መሪውን የያዘው ሰው በውሳኔው ይጠየቃል። ይህን ሰውየውም አይክዱም። ማዳም ግን ከዚያ በኋላ አንድ ነገር ለወጡ። ማሳ ላይ ሲያርፉ የመጀመሪያው ቃላቸው «ጥሩ ሜዳ መርጠሃል» ሆነ። ቅሬታ ካላቸው ለነገ ያቆዩታል። (ያቆዩታል እንጂ አይተዉትም፤ በማግስቱ ጠዋት ስለ ቤንዚን ዋጋ ሲያወሩ በአጥሩ ላይ ሰምቻለሁ።)

ያን ማታ ወደ እህቴ ቤት ስመለስ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ባለቤቴ መጋቢ ነው፤ ለአገልግሎት ብዙ ጊዜ ከከተማ ይወጣል። ከጥቂት ዓመታት በፊት በክረምት ከደቡብ ሲመለስ ጎርፍ መንገዱን አቋርጦ ይፈስ ነበር። አውቶቡሶች ቆመው ነበር። እሱ በዚያች አሮጌ መኪና ገብቶ ተሻገረ፤ መካከል ላይ የኋላ ጎማው ከመሬት ተነሥቶ ነበር። ይህን የሰማሁት ከወራት በኋላ ነው፤ ከእሱ ሳይሆን አብሮት ከነበረው ወንድም። ጸልዮ ነው የገባው፤ እግዚአብሔርም አወጣው፤ ዛሬም አመሰግናለሁ። ግን ከመጸለዩ በፊት ከእኔ ጋር በስልክ ተነጋግረን ነበር። ያልኩትን ቃል በቃል አስታውሳለሁ፦ «እንግዶቹ ተቀምጠዋል፤ ምን ብዬ ልንገራቸው?»

ጠዋት ደወልኩለትና ስለዚያ ወንዝ ጠየቅሁት። ረጅም ዝምታ ነበር። ከዚያ «ማን ነገረሽ?» አለ። አንድ ሰዓት ያህል አወራን፤ የእህቴ የስልክ ካርድ እስኪያልቅ።

የመጨረሻው ቅዳሜ

ከመመለሴ በፊት በነበረው ቅዳሜ ከማዳም ጋር ወደ አየር ሜዳው ሄድኩ። ቀኑ ብሩህ ነበር፤ ግላይደሮቹ አንድ በአንድ እየተጎተቱ ወጡ። ሰውየው ከሦስት ወጣቶች ጋር ወደ ሰሜን፣ ወደ ከፍተኞቹ ተራሮች ነበር ያቀዱት። ከሁለት ሰዓት በኋላ ብቻቸውን ተመለሱ። ሸንተረሩ ጋ ሲደርሱ ከፍታቸው ካሰቡት 150 ሜትር ጎድሎ ነበር፤ የወሰኑት ነጥብ ላይ ሲደርሱ ዞሩ። ወጣቶቹ ተሻገሩ።

ማታ ሦስቱም በሰላም ተመለሱ፤ ፊታቸው በፀሐይ ቀልቶ፣ አንዱ ከአራት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ በርሮ። ክበቡ ውስጥ ረጅም ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠን ስንበላ በረዶ የለበሰውን ጫፍ ከአጠገቡ እንዴት እንዳዩት፣ ከሸንተረሩ ወዲያ እንዴት ያለ ግሩም አየር እንዳገኙ እየተቀባበሉ ተረኩ። አንዱ ወደ ሰውየው ዞሮ «መቶ ሃምሳ ሜትር እኮ ነው! ትደርስ ነበር» አላቸው። ሰውየው «ምናልባት» አሉና ዳቦውን አሳለፉለት። ቅር እንዳላቸው ያስታውቃል፤ አልደበቁትም።

ማዳም ምንም አላሉም። ከእራት በኋላ ተነሥተው ወደ ውጭ ወጡ፤ ተከተልኳቸው። ያን ቀን ያልተፈለገውን ተሳቢ ጎማ በእግራቸው መታ መታ አደረጉት፣ ጎንበስ ብለው የነፋስ መለኪያውን ሰኩበትና ቁጥሩን እንዳነብላቸው የኪስ ባትሪያቸውን ሰጡኝ። ነገም በረራ አለ።